ጉኑንግ ፓዳንግ፦ "የ27 ሺህ ዓመት ፒራሚድ" ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በኢንዶኔዥያ፣ በምዕራብ ጃቫ ስለሚገኘው ጉኑንግ ፓዳንግ የሚያወራ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሰሞኑን ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር ደርሶኝ አነበብኩት። ባጭሩ የሚለው ይህ ነው፦ ኮረብታው የተፈጥሮ ሳይሆን ከሥር እስከ አናቱ በሰው እጅ የተገነባ ፒራሚድ ነው፤ ዕድሜው 27 ሺህ ዓመት መሆኑ በካርበን ልኬት ተረጋግጧል፤ ድንጋዮቹ በማሽን ካልሆነ በቀር እንደዚያ ሊጠረቡ አይችሉም፤ ሆዱ ውስጥ የተደበቁ ክፍሎች አሉ፤ ይህን ያረጋገጠው ጥናት ሆን ተብሎ ታፍኗል፤ የአገሬው ገበሬዎች አያቶች ይህን የመሰለ ነገር መሥራት ስለማይችሉ፣ የሠራው ከጥፋት ውኃ በፊት የነበረና የጠፋ ሥልጡን ሕዝብ ነው። በመጨረሻም ኮረብታው ተቆፍሮ ምስጢሩ ይውጣ ይላል።

ጽሑፉ ሲነበብ ይጥማል፤ ብዙ ሰው ያመነውም ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ለመመለስ የተነሳሁት ግን ቁጥር ለማረም ብቻ አይደለም። 27 ሺህ የሚለው ቁጥር ቦታውን በእርግጥ የሠሩትን ሰዎች ከታሪካቸው ያስወጣቸዋል። ይህ ዓይነቱ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ከታች እመለስበታለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ጸሐፊው በሁለት መስመር ያለፉትን ቦታ ራሱን እንየው። ጉኑንግ ፓዳንግ በቺያንጁር አውራጃ፣ ካርያሙክቲ በሚባል መንደር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 885 ሜትር ላይ ይገኛል። ዙሪያው የሻይ እርሻ፣ የሩዝ ማሳና ደን ነው። ነዋሪዎቹ ሱንዳዎች ናቸው፤ በጃቫ ደሴት ላይ ይኑሩ እንጂ ቋንቋቸውም ወጋቸውም ከመካከለኛውና ከምሥራቁ የደሴቲቱ ሕዝብ ይለያል። ከግርጌው ምንጭ ይፈልቃል። ከዚያ ተነስቶ ወደ 400 የሚጠጋ የድንጋይ ደረጃ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። አናቱ ላይ አምስት እርከኖች አንዱ ከሌላው ከፍ እያሉ ተከታትለው ተዘርግተዋል። የየእርከኑ ድንበር በተጋደሙ የድንጋይ ዓምዶች ተደግፏል፤ በላዩ ደግሞ የቆሙ ድንጋዮች፣ በድንጋይ የታጠሩ አደባባዮች፣ የመግቢያ በር የሚመስሉ ጥንድ ዓምዶች አሉ። ሲመቱት እንደ መረዋ የሚጮህ ድንጋይም አለ። የእርከኖቹ ፊት የዞረው 2,958 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ገዴ ተራራ ነው፤ ገዴ ዛሬም ያልሞተ እሳተ ገሞራ ነው። ቦታውን የመረጡት ሰዎች ምንጩን ከሥር፣ እሳተ ገሞራውን ከፊት አድርገው መሥራታቸውን ልብ ይሏል። ጸሐፊው ስለዚህ አንድም ቃል አላነሱም፤ ለእኔ ግን የቦታው ትልቁ ነገር ይህ ነው።

አሁን ወደ ነጥቦቹ።

"ኮረብታው ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ ነው" ለሚለው። ጃቫ በእሳተ ገሞራ የቆመች ደሴት ናት፤ ጉኑንግ ፓዳንግም ከዚያ ውጭ አይደለም። ኢንዶኔዥያዊው የእሳተ ገሞራ ተመራማሪ ሱቲክኖ ብሮንቶ ኮረብታው የጥንት እሳተ ገሞራ አንገት መሆኑን ተናግረዋል። ቅልጥ ዐለት ወደ ላይ የሚወጣበት ጉሮሮ እዚያው ውስጥ ረግቶ ይቀራል፤ ዙሪያውን ያለው ለስላሳ ነገር በዘመን ብዛት ሲሸረሸር ጠንካራው ብቻውን ኮረብታ ሆኖ ይታያል።

ድንጋዮቹን በተመለከተ ጸሐፊው "ተፈጥሮ ቀጥ ያለ መስመር አታውቅም" ብለዋል። ታውቃለች። ቅልጥ ዐለት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ቀድሞ ከቀዘቀዘው ገጽ ተነስቶ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ስንጥቆቹም እርስ በርሳቸው እየተገናኙ ዐለቱን አምስት ወይም ስድስት ጎን ወዳላቸው ረጃጅም ዓምዶች ይከፍሉታል። በሰሜን አየርላንድ የባሕር ዳርቻ ወደ 40,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ዓምዶች ቆመዋል፤ አንድም ሰው አልጠረባቸውም። የኢትዮጵያ ደጋ ራሱ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ላቫ ነው፤ ወንዝ ገደሉን በቆረጠበት ብዙ ቦታ ግድግዳው በእንዲህ ዓይነት ዓምዶች ተሸንሽኖ ይታያል። ጸሐፊው ከቤታቸው ርቀው ሳይሄዱ ሊያዩት ይችሉ ይሆናል።

ጸሐፊው ያነሱት አንድ መከራከሪያ ግን ከሌሎቹ ጠንከር ያለ ነው፦ "ከመሬት በታች የተገኙት ዓምዶች ተጋድመው ነው የተገኙት፤ የተፈጥሮ ቢሆኑ ይቆሙ ነበር" የሚለው። ላይ ላዩን ለሚያየው ያሳምናል። ነገር ግን ዓምዱ መቆሙን ወይም መጋደሙን የሚወስነው ቅዝቃዜው የመጣበት አቅጣጫ ነው። ሜዳ ላይ የተዘረጋ ላቫ ከላይና ከታች ስለሚቀዘቅዝ ዓምዶቹ ይቆማሉ። በእሳተ ገሞራ ጉሮሮ ወይም በዐለት ስንጥቅ ውስጥ ተወትፎ የቀረው ግን ከጎንና ከጎኑ ስለሚቀዘቅዝ ዓምዶቹ ይጋደማሉ። ስለዚህ የተጋደመ ዓምድ በራሱ የሰው እጅ ምስክር አይሆንም።

እርከኖቹ የሰው ሥራ መሆናቸውን ማንም አልካደም፤ ይህን አበክሬ መናገር እፈልጋለሁ። ተፈጥሮ ዓምዱን ሠራች፤ ሰው ነቅሎ አወጣው፣ ተሸከመው፣ አጋድሞ ደገፈበት፣ አቁሞ በር አደረገው። ሁለቱን የሚለየው መስመር የት ላይ እንደሆነ በጥንቃቄ መፈለግ የቅርስ ተመራማሪው ሥራ ነው። ጽሑፉ ይህን መስመር አጥፍቶ ሁሉንም በአንድነት "ፒራሚድ" አለው።

"27 ሺህ ዓመቱ በካርበን ልኬት ተረጋግጧል" ለሚለው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነውና። ልኬቱ የተወሰደው በዳኒ ሂልማን ናታዊጃጃ ከተመራ ቡድን ጥናት ነው። ናታዊጃጃ ስለ ሱማትራ የመሬት መንቀጥቀጥ ባደረጉት ምርምር የሚታወቁ እውነተኛ ሳይንቲስት ናቸው፤ አጭበርባሪ አድርጎ ማየት ተገቢ አይደለም። ቡድናቸው ኮረብታውን በመሰርሰሪያ ወግቶ ከጥልቅ ያወጣውን አፈር ካርበን አስለካ። ከሥር ያለው ክፍል ከ25,000 እስከ 14,000 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚል ውጤት ሰጠ። ቁጥሩ ራሱ ስህተት ላይሆን ይችላል።

ግን ምን ተለካ? የካርበን ልኬት የሚነግረን በናሙናው ውስጥ ያለው ሕይወት የነበረው ነገር፣ ማለትም ሥሩ፣ ቅጠሉ ወይም እንጨቱ፣ ከሞተ ስንት ጊዜ እንደሆነው ነው። ካርበን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ የቀረውን ለክቶ ዓመቱን ማስላት ይቻላል። የተለካው ነገር በሰው እጅ ያለፈ ካልሆነ ግን ቀኑ ስለ ሰው ምንም አይነግረንም። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ቤት ወለል ተቆፍሮ ከሥሩ የወጣው አፈር 10,000 ዓመት ቢሞላው፣ ቤቱ የ10,000 ዓመት ቤት ነው የሚል የለም። በጉኑንግ ፓዳንግ የሆነው ይኸው ነው። ከዚያ ጥልቀት የወጣ የምድጃ ከሰል የለም፣ የተጠረበ የድንጋይ መሣሪያ የለም፣ የታረደ እንስሳ አጥንት የለም፣ ገል የለም። የወጣው አፈር ነው።

በቅርስ ተመራማሪዎች እጅ የተገኘው ማስረጃ ሌላ ያሳያል። ላይ ካሉት እርከኖች የተገኘውን ገል መነሻ አድርገው ሥራው ከዛሬ 2,000 ዓመት አካባቢ እንደጀመረ የሚናገሩ አሉ። እንደ ሃሪ ትሩማን ሲማንጁንታክ ያሉት ደግሞ ከ6ኛው እስከ 8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ያወርዱታል። አልተስማሙም፤ ክርክሩም ገና አላለቀም። የባንዱንጉ ተመራማሪ ሉትፊ ዮንድሪ በበኩላቸው በአካባቢው ከ12,000 እስከ 6,000 ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች በዋሻ ይኖሩ እንደነበር፣ በቁፋሮም የረቀቀ የድንጋይ ግንባታ ምልክት እንዳልተገኘ አስታውሰዋል። ፒራሚዱ ከዚያ በፊት 15,000 ዓመት ቀድሞ ተሠርቷል የሚል ሰው፣ ሠሪዎቹ በልተው የጣሉትን አንድ አጥንት እንኳ ማሳየት አለበት።

በድንጋዮቹ መካከል ስለተገኘው "ጥንታዊ ሲሚንቶ" እና በራዳር ስለታዩት "ክፍሎች" ብዙ አልልም። ዝናብ በሚበዛበት ሞቃት አገር ዐለት ከጠርዙ እየበሰበሰ ወደ ሸክላ አፈር ይለወጣል፤ ይህ አፈር በስንጥቆች መካከል ሲሞላ ልስን ይመስላል። መሣሪያዎቹም የሚያሳዩት ከመሬት በታች የድንጋዩ ጠባይ የተለወጠበትን ቦታ ነው። ክፍት ቦታ ቢኖር እንኳ እሳተ ገሞራ ራሱ ባዶ ቦታ ትቶ ያልፋል። እስካሁን አንድም ሰው በር ከፍቶ ወደ አንድም ክፍል አልገባም።

"ጥናቱ ታፍኗል" ለሚለው። ጥናቱ በኦክቶበር 2023 ዋይሊ የተባለው አሳታሚ ድርጅት በሚያሳትመው የአርኪዮሎጂ የምርምር መጽሔት ላይ ወጣ፤ ጸሐፊው እስከዚህ ትክክል ናቸው። ማርች 2024 ላይ መጽሔቱ ሰረዘው። ምክንያቱ አልተደበቀም፤ በይፋ ተጽፏል፦ የተለኩት የአፈር ናሙናዎች ሰው ሠራቸው ተብሎ በአስተማማኝ ሁኔታ ሊተረጎሙ ከሚችሉ ዕቃዎችም ሆነ ቅርጾች ጋር አይያያዙም፤ ስህተቱም በግምገማው ወቅት ሳይታይ ያለፈ ነው። የጥናቱ ባለቤቶች በውሳኔው አልተስማሙም፤ አለመስማማታቸውም አብሮ ተመዝግቧል። ጽሑፉ መታተሙን ነግሮን መሰረዙን በአንድ ቃል፣ ምክንያቱን ደግሞ ጭራሽ ሳይነግረን ማለፉ አንባቢን መበደል ነው።

ደግሞስ ተመራማሪዎች የቆየ ዕድሜ ሲመጣ የሚደነግጡ ሰዎች ናቸው? በዚያው በኢንዶኔዥያ፣ በሱላዌሲ ደሴት ዋሻ ውስጥ የተገኘ ሥዕል ቢያንስ የ51,200 ዓመት ዕድሜ እንዳለው በ2024 ሲገለጽ ዓለም በደስታ ነው የተቀበለው። የ27 ሺህን ሁለት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው እኮ! በቱርክ የሚገኘውን፣ የድንጋይ ሐውልቶች የቆሙበትን ጥንታዊ ቦታ ጎቤክሊ ቴፔንም ጸሐፊው ለራሳቸው ማስረጃ አድርገው ጠቅሰውታል። እሱ ከ11,000 ዓመት በላይ እንደሚሆነው የታመነው ግን ከሐውልቶቹ ጋር የድንጋይ መሣሪያዎችና የታደኑ እንስሳት አጥንቶች በብዛት ስለወጡ ነው።

ከእኛው አገር ደግሞ የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች አሉ። ለረጅም ጊዜ 1,000 ዓመት ገደማ እንደሆናቸው ይታሰብ ነበር። በሳካሮ ሶዶ የተደረገ ጥናት በ2021 ሲታተም ግን ወደ 1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወሰዳቸው፤ አንድ ሺህ ዓመት ጨመረላቸው ማለት ነው። ማንም አላፈነውም። ልዩነቱ ናሙናው ከትክል ድንጋዮቹ ጋር ተያይዞ መገኘቱ ላይ ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2023 በዩኔስኮ ሲመዘገብም ድንጋዮቹ ለብቻቸው አልተመዘገቡም፤ ቡናው፣ እንሰቱ፣ ደኑና ሽማግሌዎቹ የሚጠብቁት ወግ አብረው ናቸው። ጉኑንግ ፓዳንግን ለማየት የሚሻለው መንገድም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

"ተራ ገበሬዎች ሊሠሩት አይችሉም" ለሚለው። ይህ ነጥብ ነው ዝም እንዳልል ያደረገኝ። እስኪ እናስላው። 30 ሳንቲሜትር ውፍረትና አንድ ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ዓምድ 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አሥራ ሁለት ሰው በወሳንሳ ቢሸከመው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 25 ኪሎ ነው። ድንጋዩ ደግሞ ከሩቅ አልመጣም፤ ዓምዶቹ እዚያው ኮረብታው ላይ፣ ተፈጥሮ አስተካክላ ሰንጥቃቸው ያሉ ናቸው። በዚያው በኢንዶኔዥያ፣ በሱምባ ደሴት ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ብዙ ቶን የሚመዝን የመቃብር ድንጋይ በእንጨት መንሸራተቻ ላይ ጭኖ፣ በገመድ እየጎተተ፣ እየዘፈነ ወደ መንደሩ ያስገባ ነበር፤ ይህ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በፎቶግራፍና በፊልም ተቀርጿል። ጎሽና አሳማ ታርዶ ለጎታቾቹ ይበላል። ደቦ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሊገርመው አይገባም።

ተራራን በእርከን ሠርቶ የተቀደሰ ቦታ ማድረግም በጃቫ ብርቅ አይደለም። በ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የፈላ ጭቃና የድኝ ጭስ በሚወጣበት በዲዬንግ አምባ ከ1,200 ዓመት በፊት ቤተ መቅደሶች ተሠርተዋል። በላዉ ተራራ ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ ያለው ሱኩህ የ1437 ዓመተ ምሕረት ጽሑፍ አለበት፤ አናቱ የተቆረጠ ፒራሚድ ይመስላል፤ ከደጋፊ እርከኖቹ ጋር ሆኖ ተራራውን ተደግፎ ቆሟል። በምሥራቅ ጃቫ የፔናንጉንጋን ተራራ ጎኖች ላይ እርከን ያላቸው በብዙ አሥር የሚቆጠሩ ትናንሽ መቅደሶች ተበትነው ይገኛሉ፤ አብዛኞቹ ከማጃፓሂት መንግሥት የመጨረሻ ዘመን ናቸው። እዚያው ምዕራብ ጃቫ ውስጥ፣ የታሩማነጋራው ንጉሥ ፑርናዋርማን በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእግሩን አሻራ በወንዝ ቋጥኝ ላይ አስቀርጾ ከአሻራው ጋር ጽሑፍ አኑሯል፤ የቺያሩተን ድንጋይ ይባላል። ድንጋይን፣ ወንዝንና ተራራን እንዲህ አስተሳስሮ ማየት የዚያ ምድር ሰዎች የሺህ ዓመታት ልምድ ነው። የሱንዳ ሽማግሌዎችም ጉኑንግ ፓዳንግን ንጉሥ ሲሊዋንጊ በአንድ ሌሊት ቤተ መንግሥት ሊሠራበት የሞከረ ቦታ ነው ይላሉ። አፈ ታሪክ ነው፤ ግን ቦታውን የራሳቸው አድርገው ይዘውታል። "ደች ሪፖርት እስኪጻፍ ድረስ ማንም አያውቀውም ነበር" የሚለው የጽሑፉ መስመርም በዚህ ይወድቃል፤ በ1914 የወጣው ሪፖርት ያኔ ደሴቲቱን ይገዙ ለነበሩት ለደቾች (ለሆላንዳውያን) አዲስ ነበር እንጂ ለመንደሩ አልነበረም።

ከላይ ለእኛ እንግዳ አይደለም ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ይህን ኮረብታ በ2022 በኔትፍሊክስ ለዓለም ያስተዋወቀው ብሪታኒያዊው ግራሃም ሃንኮክ ነው፤ የጽሑፉ ዋና ሐሳብም የእሱ ነው። ይኸው ሰው በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሥራ ላይ ቴምፕላር የተባሉ የአውሮፓ ባላባቶች እጅ ሊኖርበት እንደሚችል ጽፏል። ይህ ኢትዮጵያዊን የሚያስቆጣ ነው፤ ቁጣውም ተገቢ ነው። የላስታን ዐለት የፈለፈሉት እጆች የማን እንደነበሩ እናውቃለንና። ታዲያ ለላሊበላ ያልፈቀድነውን ለቺያንጁር ገበሬ አያት ለምን እንፈቅዳለን? ጸሐፊው ይህን የጻፉት ለጃቫ ክብር ብለው እንደሆነ ከአነጋገራቸው ይገባኛል። ግን ሥራውን ከሱንዳ አባቶች ነጥቆ ስም ለሌለው፣ አጥንቱም ዕቃውም ላልተገኘ ሕዝብ መስጠት ክብር አይሆንም።

"ይቆፈርና ምስጢሩ ይውጣ" ለሚለው የመጨረሻ ነጥብ። ተሞክሯል። በፕሬዚዳንት ሱሲሎ ባምባንግ ዩዶዮኖ ዘመን መንግሥት ነገሩን ደግፎት፣ በ2014 ወታደሮች ጭምር ተሰማርተው ቁፋሮ ተካሂዷል። 34 ኢንዶኔዥያውያን ተመራማሪዎች የቡድኑን ዓላማና አሠራር የሚጠይቅ አቤቱታ ፈርመዋል። ፈራሚዎቹ የአገሩ ልጆች መሆናቸውን ጸሐፊው ልብ እንዲሉልኝ እወዳለሁ፤ ተቃውሞው ከውጭ የመጣ አልነበረም። የቅርስ ቁፋሮ ቀስ ብሎ፣ በብሩሽና በሳንቲሜትር የሚሄድ ሥራ ነው። አንዴ ከቦታው የተነሳ ድንጋይ ከየት እንደተነሳ ካልተመዘገበ መረጃው ተመልሶ አይገኝም።

መሬቱም አይፈቅድም። ምዕራብ ጃቫ ዝናብ ሲበረታ ተዳፋቱ የሚናድበት አገር ነው። ኖቬምበር 21 ቀን 2022 በዚያው በቺያንጁር አውራጃ በ5.6 መጠን የተመዘገበ የመሬት መንቀጥቀጥ ከ300 በላይ ሰው ገድሏል፤ ብዙ ቤት ፈርሷል፣ ኮረብታ ተንዶ መንገድና ሰው ቀብሯል። በእንዲህ ያለ ቦታ፣ ሰዎች ከሥሩ በሚኖሩበት ቀጥ ያለ ኮረብታ ጎን ላይ፣ ያልታየ ክፍል ፍለጋ በጥልቀት መቆፈር እርከኖቹንም መንደሩንም አደጋ ላይ መጣል ነው። ለእርከኖቹ የሚያስፈልገው የውኃ መውረጃ ማስተካከል፣ የጎብኚ እግር የሚያላላቸውን ድንጋዮች መከታተል፣ የእያንዳንዱን ዓምድ ቦታ መዝግቦ መያዝ ነው።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የሚያሻሽሉ ከሆነ ጥናቱ መሰረዙንና የተለካው አፈር መሆኑን ከነምክንያቱ እንዲያስገቡ፣ እርከኖቹን የሠሩትንም በስማቸው እንዲጠሩ እለምናለሁ። ስለ ጃቫ መጻፋቸውን ግን አይተዉ። ስለ ሱኩህ፣ ስለ ዲዬንግና ስለ ፔናንጉንጋን በአማርኛ የሚነበብ ነገር ያስፈልገናል፤ እሳቸው ደግሞ ሰው የሚያነብላቸው ብዕር አላቸው።